የምስማር ቀዳዳ

ሰኞ ሰኞ ሙዚየሙ ለሕዝብ ዝግ ነው፤
ያን ቀን ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ የኔ ነው።
አንድ ባልዲ ልስን፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ መሰላል፤
ከፍሪስላንድ ግድብ ማዶ የመጣ ንፋስ ከበሩ ጋር ይታገላል።

አለቃዬ ሲትስከ፣ ስሜን አስተካክላ ለመጥራት
ሦስት ዓመት የፈጀባት፣
«ድፈነው» ትለኛለች፣ «ቅዳሜ ሌላ ዐውደ ርእይ አለ፤
ግድግዳው ምንም እንዳልተሰቀለበት ይምሰል፣ ምንም እንዳልተነቀለ።»

እሺ እላለሁ። እጄ ግን ይዘገያል፤
የምስማር ቀዳዳ፣ ላስተዋለው፣ እንደ ዓይን ያያል።

ይኼ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጠለቅ ያለው፣
የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሰቀልንበት ነው፤
እንጨቱን በጠፍር የሚያስሩት፣ ብረቱ የዛገ፤
ዎበ የሚሉት አዛውንት ከፊቱ ቆሞ ጎንበስ አደረገ
ወገቡን፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ በደረቁ ወለል ተንሸራተተ፤
«ቦዩ» አለ፣ «ከእንግዲህ አይረጋም፤ ክረምቱ ቀድሞን ሞተ።»

እነዚህ አራቱ ደግሞ የጡብ ፋብሪካው ሠራተኞች ባንዲራ፤
ሲዘጋ ማን ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ያልጠራ፤
የባለቤቱ ልጅ በግራ፣ የእሳት አንዳጁ ልጅ በቀኝ ቆመው
አንድ ሥዕል እያዩ ሁለት ታሪክ አወሩ፤
የአተር ሾርባው ቀዘቀዘ በመሃላቸው።

ያ፣ ከራሴ በላይ ያለው፣ ቀዳዳ አይደለም፤ መስመር ነው፤
ግድቡ በተጣሰ ሌሊት የውሃው ቁመት ነው።
ተማሪዎች ከሥሩ ተሰልፈው ቁመታቸውን ለኩ፤
መስመሩ ከሁሉም በላይ፤ አንድም የሚደርስ የለ በልኩ።
ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ በእግር ጣቶቿ ቆመች፣
እጇን ሰቀለች፤
«ጣቴ ግን ይታይ ነበር» አለች።
ሦስት ጊዜ ነጭ ቀባሁት።
ፀሐይ ዘወር ስትል ዛሬም ሰማያዊ ነው።

ከሁሉ ትንሹ ግን ይኼ፣ እንደ መርፌ ዓይን የጠበበ፤
«ስም የለሽ ፎቶዎች» ባልነው ምሽት፣ ከተማው የተሰበሰበ።
ከሞተ ፎቶ አንሺ ጣራ ሥር የተገኘ ሁለት መቶ ፊት፤
የሚያውቅ ሰው በእርሳስ እንዲጽፍ ከየፎቶው ጎን ወረቀት።
ወንበር ተንቋቋ፣ መነጽር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤
«ይቺ የዳቦ ጋጋሪው እኅት!» «የለም፣ አክስቱ!» ክርክሩ ከረረ።
«ፈረሱ እንኳ የኛ ነው!» አለ አንዱ፤ የፈረሱን ስም ጻፈ፤
ልጓሙን የያዘው ሰው ግን ያን ሌሊትም ሳይጻፍ አለፈ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ቀረ፤
ከወደቡ ዳር ወጣት ሴት፣ ሻንጣዋ በገመድ የታሰረ፣
ፊቷ ከፊሉ ወደ ባሕር፣ ፀጉሯ በንፋስ የተበተነ፤
«አላውቃትም»፣ «እኔም»። ወረቀቷ ባዶ ሆነ።

ወንበር ሳጣጥፍ ሂልትዬ መጣች፤ ሰማንያ ስድስት ነው ዓመቷ፤
ምርኩዟን ከግድግዳው አስደግፋ ተጠጋች ወደ ፊቷ።
«እኔ ነኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያን ጠዋት ልሄድ ነበር።
መርከቡ መጣ። ሻንጣዬን አንሥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ምሳ ሠራሁ።
ማንም አያውቅም። ባሌም አላወቀ፣ ነፍስ ይማር።»

እርሳሱን ሰጠኋት።
በጣቶቿ መሃል አዙራ፣ አዙራ፣ አሰበች፤
«ይቅር» ብላ መለሰችልኝ።
ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ወጣች።

በመዝገባችን ላይ እንዲህ ይላል፦
«ሁለት መቶ ፎቶ። አንዷ ያልታወቀች።»
ጽሑፉ የኔ ነው።

ልስኑ ሊደርቅ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ደፍኛለሁ።
ያቺን ግን አልደፈርሁም፤ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ቆሜያለሁ።
ለቅዳሜ የወተት ገንቦ ይመጣል፣ የቅቤ ማኅተም፣ የሚዛን ድንጋይ፤
በዚያች ቀዳዳ ቀላሉን ነገር እሰቅላለሁ፣ ሲትስከ ሳታይ፤
የአንዲት ጥጃ ቃጭል። በሩ ሲከፈት ንፋስ ይገባና
አንዴ ያቃጭላል፤ ዝም ይላል እንደገና።