ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለው ውሻ

ታኅሣሥ ገባ ሊዬዥ፣ ዝናቡ አላባራ፣
ሜዝ ወንዝ ደፍርሶ ከድልድይ ሥር ሲያጓራ፣
ከኦዲል ሱቅ ጓዳ አንድ አምፖል ሲያበራ፣
ተሰበሰብን እኛ፣ ዘጠኝ ሰው፣ ለሥራ፤
የዓመቱን ኮሚክ ልንመርጥ፣ ልንቆጥር፣
ከብስኩት ጣሳ ውስጥ ድምፅ ልንዘረዝር።

ዳኞች አይደለንም፤ ካባ አልደረብንም፣
ከአንባቢነት በቀር ማዕረግ የለንም።
ሽልማታችንም አንድ ክንድ የእንጨት እርሳስ፣
ጉዊዶ ከአሮጌ በር ጠርቦ የሚያለሰልስ፤
ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለ፣ ከዓመት ዓመት ያው ነው፤
«እናመሰግናለን፣ እንቅልፍ ነሣችሁን» የሚለው።

ጊስሌን ታነባለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣
እኔ እጭራለሁ፤ አራት ጭረት ቆሞ አምስተኛው ሲዘጋ።
«ምርጥ ታሪክ!» «ምርጥ ሥዕል!» «ምርጥ የሽፋን ቀለም!»
የጋለውን ክርክር የሚያበርደው የለም፤
ፈርናን ተናዶ ጠረጴዛ ቢደቃ፣
ሰባት ድምፅ በቢራ ራሰ በደቂቃ።
እንደ ሕፃን ካልሲ ማሞቂያ ላይ አሰጣን፣
እስኪደርቁ ድረስ ሌላ ቢራ ጠጣን።

ወደ እኩለ ሌሊት ሁለት ብቻ ቀሩ፦
«የበረዶ ሰዓት ሠሪ»፣ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ግራ በሩ»።
ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ፤ ጓዳው ጸጥ አለ።
አንድ ድምፅ ግን ገና፣ የኔው፣ ኪሴ አለ።

የበረዶው፣ እውነት ነው፣ የእጅ ጥበብ ጣሪያ፣
እያንዳንዱ ገጹ የብርሃን ማደሪያ፤
አደነቅኩት። አንዴ አነበብኩ። ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፣
አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፈንኩት።

ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣
ደረጃው ተጣሞ ግድግዳ ውስጥ ይሰምጣል፤
የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሚስቱ የሄደችበት፣
የጎረቤት ሳቅ በቧንቧ የሚሰማበት፤
ያ ነው ታሪኩ፤ ሌላ የለም። ትራም ላይ ይዤው ስዞር
ጀርባው ቢገነጠል ጠፈርኩት በጎማ ክር።

ታዲያ ለየቱ ጻፍኩ? ለማደንቀው፣ በቀለም፤
«አላዋቂ» እንዳልባል፤ ሌላ ምክንያት የለም።

ጣሳው ሲገለበጥ አንድ ወረቀት ወደቀች፣
በማርማላታ ተጣብቃ ከሥር የቀረች፤
የማይሊስ፣ የዘጠኝ ዓመቷ። ክፍሎቹን ሁሉ ሰርዛ፣
በሐምራዊ እስክሪፕቶ ፊደሏን አወፍራ፣ ጠምዝዛ፦
«የዓመቱ ምርጤ፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለው ውሻ።»
የመጽሐፉን ስም ግን ረሳች፤ ለዘጠኝ ሰው ሆነ ማምሻ።

ገልጠን፣ ገልጠን፣ ኦዲል «አገኘሁት!» ብትል፣
ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ቧንቧው ፈንድቶ፣ ሰው ሁሉ «ውሃ! ውሃ!» ሲል፣
ከቆሻሻ ገንዳው ኋላ፣ የጥፍር ያህል ስፋት፣
አንድ ጆሮውን አቁሞ ያየናል ፊት ለፊት።

ደንቡን አገላብጠን አየን፤ ለውሻ የሚሆን ክፍል የለም፣
የልጅቷ ድምፅ፣ ያሳዝናል፣ ከማንም አይደመርም።
እኔ ግን ሃያ ጊዜ አንብቤው፣ ሃያ ጊዜ አልፌው ሄድኩ፤
ወረቀቴን አወጣሁ፣ ቀለሙን ሰረዝኩ።

«ሠላሳ ሁለት» አለች ጊስሌን። ፈርናን ተራገመ፣
ኮቱን አጥልቆ ወጣ፣ ዝናቡን አየና በሩ ላይ ቆመ።
ጉዊዶ ምንም አላለም። ወደ ቦርሳው ጎንበስ ብሎ፣
ከተረፈው በር አንዲት ቁራጭ ነጥሎ፣
«የቆመው ጆሮ የቱ ነበር?» አለን፣ «ቀኙ ወይስ ግራ?»
ቢላዋውን አወጣ። ዝናቡም አላባራ።