ደመ ከልብ

ሬሆቮት ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣
ባልዲ አንጠልጥዬ በጓሮ በር ስገባ
ሰባተኛ ዓመቴ። ከእንስሳት ሐኪም ቤት
መጥረግ መወልወል ነው፤ ጠጉር፣ ሽንት፣ ትውከት።
እጄ ሲሠራ እንጂ ጆሮዬ አይደክምም፤
ሰው ለወደደው ነፍስ ዋጋ ሲቆርጥለት ያልሰማሁት የለም።

አንዷ ለድመቷ ኩላሊት ስድስት ሺህ ከፈለች፣
ዓይኗን ሳታሽ ካርዷን ለስቬታ ሰጠች።
አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ለአንዲት ቢጫ ወፍ፣
መቶ ሸቀል ሲሉት ቆመ ከደጃፍ፤
ሒሳቡን አሰበ፣ ወጣ፣ ተመለሰ፣
ወፏን በኮቱ ውስጥ ይዞ አለቀሰ።
አልፈረድኩበትም።

ማክሰኞ አመሻሹን አንድ ጎረምሳ መጣ፣
መኪና የገጨው ውሻ ተሸክሞ፤ አስቀመጠና ወጣ።
ስቬታ ከቆዳው ሥር ቁጥሩን አነበበች፣
ለባለቤቱ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች።
«ስንት?» አለ። ተነገረው። «ለውሻ?» አለና ሳቀ፤
«መርፌው ይረክሳል።» በቃ፣ ነገር አለቀ።

ዶክተር አቪግዶር እጁን ሊታጠብ ዞረ፤
ያኔ መወልወያዬ ባለበት ቀረ።
«እግሩን ቆርጦ ለማዳን ስንት ነው?» አልኩት፣
በዚያ በሰባራ ዕብራይስጤ፣ ደግሜ ጠየቅኩት።
«ሁለት ሺህ አራት መቶ፤ ላንቺ ስል ቀንሼ፣»
አለኝ። ቆጠርኩት በጣቴ፣ ጀመርኩት መልሼ፦
ሰዓቴ ሠላሳ ሁለት፤ ሲካፈል ሲመነዘር
ሰባ አምስት ሰዓት ነው ያንድ ውሻ ነገር፤
ሰባ አምስት ሰዓት ወገብ፣ ሰባ አምስት ሰዓት ክንድ፣
ክሎር የበላው ጣት፣ አቀርቅሮ መሄድ።

ባሌን ፈረደን አሰብኩት፤ ቢሰማ ምን ይላል?
«ለደመ ከልብ ካሣ የት አገር ይቆረጣል?»
እውነቱን ነው። ግን እኔ፣ ከዚህ በፊት አንዴ፣
ለውሻ ከፍያለሁ፤ የሚያውቀው ሆዴ።

ከመንደር በወጣን ሌሊት፣ ወደ ሱዳን ስንጓዝ፣
ጩኸቱ እንዳያጋልጠን፣ ዱካችንን እንዳይዝ፣
አባቴ ግማሽ ዳቦ ከመዳፌ አኖረ፦
«ወርውሪለት፣ ሩጪ።»
ወረወርኩ፤ ሳይነካው፣ ቆሞ እያየኝ ቀረ።
ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሃምሳ ሊሞላኝ፣
ያ ግማሽ ዳቦ ርካሽ ነው ወይስ ውድ፣ ማን ይንገረኝ?

«በወር ሁለት መቶ፣ በዓመት ጨርሼ
እከፍላለሁ» አልኩ፣ እጄን በሽርጥ አብሼ።
ዶክተሩ አየኝ፣ ዝም አለ፣ ጓንቱን አጠለቀ።

ስቬታ ቅጽ አመጣች። «የባለቤት ስም?»
«ብርቄ ተገኘ» ብዬ ሞላሁ፤
«የውሻውስ?» ስትለኝ የዚያን የጥንቱን ጠራሁ፦
«ምን ጎደለ» ነበር፣ አባቴ ያወጣለት፣
ምቀኛ ጎረቤቱን ባጥር ላይ ሊመልስበት።
በዕብራይስጥ ፊደል ሁለቴ አሳስታ ጻፈች፣
«ትርጉሙስ?» ስትል ጠየቀች።
ነገርኳት። ዞር ብላ የሚቆረጠውን እግር አየች፣
ከዚያ የኔን ፊት፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች።
እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

መብራቱ ከውስጥ በራ፣ በሩ ተዘጋ።
መወልወያዬን ነከርኩ፣ ጨመቅኩ።
ደሙ ከደጃፍ ጀምሮ ተንጠባጥቧል እስከ ጠረጴዛ፤
ዛሬ ግን አልጠረግኩትም እንደ ወትሮው፣ እንደዋዛ።