ያልተፈረመ ቆጠራ

ሠላሳ አንድ ዓመት በለገሃር መጋዘን
ብሎንና ዳዶ፣ ሰንሰለትና ሚዛን
ስቆጥር የኖርሁ ነኝ፤
አንዲት ዳዶ ብትጎድል እንቅልፍ የሚነሳኝ።
በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ካልሆነ አይገባም፣
በሞዴል ሃያ ሁለት ካልሆነ አይወጣም፤
ከዚህ የጠበቀ ሃይማኖት አላውቅም።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት
ልጄ ሊያገባ ነው፤ ልቀጥልለት ቤት
ብዬ ከደጃፌ አስደፋሁ አሸዋ፤
ቆርቆሮ ይንጣጣል፤ ሰኔ ነው፤ ድሬዳዋ።
ከደቻቱ የተዛቀ፣ ሙሉ አንድ ሲኖትራክ።
ዩያ የሚሉት ልጅ ወንፊቱን አቁሞ
ይነፋል፣ ያርፋል፣ ይነፋል ደግሞ።
አሸዋው ያልፋል፤
ጠጠሩ ይቀራል፤
ከጠጠሩ ጋራ የማሽላ ሥር፣ የእንስራ ገል፣
ያንድ እግር ነጠላ ጫማ፣
ቡጢ የሚያህል ቀይ ጓል።

ዩያ ጓሉን አነሣ። በምራቁ አራሰው፤
ባውራ ጣቱ አሸው።
«አቦ፣ ጋሼ፣» አለ፣ «ይሄ የናቴ ማሳ ነው።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
«ከደንገጎ በታች፣ ካስፋልቱ በግራ፣
ሦስት ቁና ማሽላ ባንድ ቀን ሲዘራ
ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ዛሬ ድንጋይ ነው የሚያፈራ።
‹አፈሬ የት ገባ?› ትላለች እናቴ።
ደውዬ ልንገራት?
ከሲሚንቶ ጋራ ተለውሶ፣ ድሬ፣
የሙሽራ መኝታ ቤት ሆነልሽ ልበላት?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ማን ፈረመ? ማን ፈቀደ? በየትኛው ማኅተም?
ተራራ ሙሉ ንብረት፣ ዘበኛ ሳይነቃ፣
በከተማው መሐል፣ እያገሳ፣ ሲወጣ
«ጎርፍ መጣ» አልን እንጂ
«አፈር ሄደ» ያለ ሰው አልነበረም አንድም።

መዝገብ ገዛሁ። በግራ «ወጪ»፣ በቀኝ «ገቢ»።
ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከሚስኪ ኡመሬ፣
ከዩያ እናት ዘንድ፣ ጉልበቴን አስሬ
ደረስሁ በረፋዱ።
ቦረቦሩ ግመል ከነጭነቱ ይውጣል።
እሷ ከነጎረቤት ድንጋይ ትደረድራለች፤
ክትር ትሠራለች፤
በግማሽ ጨረቃው ጉድጓድ ከንፈር ላይ እሬት ተክላለች።

«ስንት ወጣ፣ ሚስኪ?»
«እንጃ አቦ፣ አፈር በምን ይሰፈራል?»
ዝም አለች። ከማሳው መሐል አንድ ቋጥኝ አሳየችኝ፤
«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እስከ ጉልበቴ ነበር፤
ይኸው ዛሬ ደረቴ ጋ ደርሷል።
ድንጋይ አያድግም መቼም።»

ጻፍሁ። ወጪ፦ ከጉልበት እስከ ደረት።
ገቢ፦ ከክትሩ ኋላ የተኛ ደለል፣ አንድ ስንዝር ከጋት።
ዳገቱ ሲከለል አራት ፍየሎቿን በርካሽ ሸጣለች፤
ያንን የት ልጻፈው?
ከሁለቱ ዓምዶች መሐል፣ መስመሩ ላይ ጻፍሁት።
ከላይ ደግሞ ጅብሪል አዲስ ገደል ያርሳል፤
ልጆቹ ምን ይብሉ?
እኛ እዚህ ስንደፍን እዚያ ይሸነቆራል፤
ገጹን ገልብጬ ያንንም መዘገብሁ።

ትርፍ የነጋዴ ነው፤ እኔ ትርፍ አላልሁም።
መጋዘን ያዥ ነኝ፤
የወጣውን ያህል ገብቶ፣
ቆጠራው ልክ መጥቶ
ማደር ነው የሚያምረኝ።

ያቺን ቀይ ጓል ግን ከግድግዳው አልከተትሁም፤
በፌስታል ቋጥሬ ላመጣጧ መለስሁ።
ሚስኪ እየሳቀች ተረከበችና
መዝገቡ ላይ ፈረመች፣
ባውራ ጣቷ፣ በጭቃ።

አሁን ነሐሴ ነው፤ ደቻቱ ያገሳል፤
ከመስኮቴ ደፍ ላይ አንድ ብርጭቆ ጎርፍ
ካመሻሹ ጀምሮ እስኪጠል ይጠብቃል።
አምና አራት ጣት ነበር የዘቀጠው።
ጎንበስ ብዬ ለካሁ፦ ሦስት ጣት፤ ምናልባት ትንሽ ፈሪ።
እስክሪብቶዬን ከደንሁ።
የኔ ፊርማ ቦታ ባዶውን ነው ያለው፤
ዝናቡም አላባራ።