ፊደል ለቃሚ

በልጅነቴ ጥጥ ነበር የምለቅመው፣
ጀርባዬ ሳይቃና ፀሐይዋን የማስመሽው።
ዛሬም ለቃሚ ነኝ፤ ስሙ ከኔ አልራቀ፣
ነጩ ጥጥ ለጥቁር ፊደል ነው የለቀቀ።

ነፃ ከወጣን ሁለተኛው ዓመት ነው። ከሳቫና ወደብ ጀርባ፣
ጣራዋ በሚያፈስ በአንዲት ጠባብ ዛኒጋባ፣
አራት ገጽ ጋዜጣ በየሳምንቱ እናትማለን፣
ሦስቱን ገጽ ለጠፉ ሰዎች እንሰጣለን።
ባሏን የምትፈልግ፣ ልጁን የሚጣራ፣
በጨረታ ቀን የተለየ ከእኅቱ ጋራ።

ኪዛያ የመጣች በአንድ ሞቃት የሐምሌ ቅዳሜ፣
ስሟን ስጠይቃት ከሳጥኔ አጠገብ ቆሜ፣
የራሷን ትታ የእናቷን ነገረችኝ።
ሃምሳ ሳንቲም ቆጥራ «ልቀም» ብላ አዘዘችኝ።

«እናቴን ያያችሁ።
ስሟ ፊቢ ነው። ከግሪምስ የሩዝ እርሻ ተሸጠች፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ።
ስትስቅ አፏን በግራ እጇ ትሸፍናለች።
ልጇ ኪዛያ ሳቫና አለሁ። ልብስ አጥባለሁ።»

ይኸው ነው። በየቅዳሜው ተመለሰች፣
የአመድ ውሃ የላጠውን ጣቷን በሽርጧ እየደበቀች።
«መልስ አለ?» «የለም።» «እንግዲያው ድገመው።»
ሰላምታችን ይህ ነበር፤ ሌላ ቃል ማን ያውቀው።

ታትሞ ያለቀ ፊደል ይበተናል፤ ደንቡ ነው፣
እያንዳንዱ ተለይቶ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው።
እኔ ግን የሷን መበተን አቃተኝ፣
ቤተሰብ ሲበተን ያየ ዓይኔ ከለከለኝ።
በክር አሰርኩና ከመደርደሪያው ጥግ አኖርኩት፣
ሳንቲሟንም በጣሳ አንድ በአንድ አጠራቀምኩት።

የኔ ቀኝ እጅ ሦስት ጣት ነው። ሁለቱን ጌታዬ
በመጥረቢያ ወሰደ፣ መጽሐፍ ሲያገኝ ከጉያዬ።
ሰው ሲያየው ከንፈሩን መጦ ዞር ይላል፤
እሷ ግን ቆጠረች፤ «ለመልቀም፣» አለች፣ «ሦስት ይበቃል።»
ብርድ ሲገባ ጉቶው ሌሊት ይጠዘጥዘኛል፤
ሳልነግራት አውቃ፣ የጥድ ሙጫ በሞራ አፍልታ፣ «ቀባው፣ ይሻልሃል።»
ከጣሳው ጠርዝ የተረፈውን እኔ ጠረግኩና
የሷን ስንጥቅ ጣት ቀባሁ፤ አልከለከለችኝምና።

ማንበብ አታውቅም ነበር። በገዛ ማስታወቂያዋ
ፊደል አስቆጠርኳት፤ «እናት» ነች መጀመሪያዋ።
እርሳሱ ላይ ፊደል ግልብጥ ነው፤ ከኋላ ይነበባል፤
«እንደኛ ዕድሜ፣» አለች፣ «ወረቀት ሲያገኝ ይቃናል?»
ምን ልበላት። ሳጥኔን ዘጋሁ።
ያን ሌሊት ክሩን ፈታሁ።

አታሚው አምብሮዝ እርማቱን ሲያነብ ቅንድቡን ሰቀለ፤
«ስህተት አለ» ሲለኝ «የለም» አልኩት። ዝም ብሎ ቀለሙን አንከባለለ።

የካቲት ሲያልቅ ነው። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ
ወሰደችው ወደ መስኮቱ፣ ከኔ ትንሽ ስትርቅ
ሳጥን ጠራጊ መሰልኩ፤ ጆሮዬ ግን አዳመጠ፤
ጣቷ በመስመሩ ላይ ሄደና አንድ ቃል ላይ ተቀመጠ።

«ተሳስተሃል፣ ሳይረስ። ይቺ የኔ ቃል አይደለችም።»
«አንብቢያት።»
«እ... ና... ታ... ች... ን... ን።»

ከታችም «አለሁ» የነበረው «አለን» ሆኗል።
በአፌ አልሆነልኝም፤ በእርሳስ ነው የጠየቅኳት፣
ጣሳውን አውጥቼ የሰላሳ ሳምንት ሳንቲሟን ሰጠኋት።
እንባ ነበር የጠበቅኩት። ሳቀች።
አፏንም በግራ እጇ ሸፈነች።

እናታችንን ያያችሁ?
እኔ አየሁ።

ፊቢ እስከ ዛሬ አልመጣችም። እናትማለን ገና።
ፊደሉ እንደታሰረ ነው፤ ክሩን ብቻ እለውጣለሁ፣ እሱ ያረጃልና።