ላልቶ ሲነበብ፣ ጠብቆ ሲነበብ

ቅዳሜ ማታ ነው፣ ያይዙ ወደብ ላይ፤
ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል ከላይ።
ከጫማ እምብዛም የማትበልጥ መኪና
ሆዷን አስከፍታ ተንጋላለችና፣
ሺኦሪ ካቻቢቴ፣ አያቷ መነጽር
ይዘው አጎንብሰዋል ከአንድ አምፖል ስር።

ዛሬ ከሰዓት ነው፣ ከወንዙ ዳር ጭቃ፣
ሦስተኛውን ጉብታ ዘላ ልክ ስታበቃ
ሞተሩ ጮኸ እንጂ ጎማው ግን ሰነፈ፤
ከሆዷ የፌንጣ ጭርርታ ተረፈ፤
የዘጠኝ ዓመቱ ሪኩቶ እየሳቀ አለፈ።

"አጥብቂው!" አለ ቶኪዞ፣ አለቀ ነገሩ።
አርባ ዓመት ኖሯል ከዓሣ መርከብ ሞተሩ፤
ለሱ የላላ ብሎን ሬሳ ነው በባሕሩ።
ባለፈው ወር እሱው ነው በክንዱ ያጠበቀ፤
ብሎኑ አንገቱ ላይ ቀጭ ብሎ ወለቀ።

ዲፈረንሻል ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣
ጎማና ጎማ ሲታጠፉ እኩል እንዳይሮጡ ነው፤
የውጩ ብዙ መንገድ፣ የውስጡ ጥቂት አለው።
በዚህች መኪና ውስጥ ጥርስ የለም የሚነክስ፤
አሥራ ሁለት ብልያ፣ ከምስር የሚያንስ፣
በሁለት ሮንዴላ መካከል ተጨምቀው
ኃይል ያሻግራሉ፣ በመፋተግ ብቻ፣ እርስ በርስ ተማምነው።

በእኔ ቋንቋ አንድ ቃል አለ፣ "ይበላል" የሚባል፤
ላልቶ ሲነበብ በይ ነው፤
ጠብቆ ሲነበብ ተበይ ይሆናል።
ፊደሉ ግን አንድ ነው፣ ምልክት የለውም፤
አንባቢ በጆሮው እንጂ በዓይኑ አይለየውም።
ይቺም ብሎን እንዲያ ናት።

ሺኦሪ ፈታችው። ሮንዴላው መካከል
ቦይ ወጥቶበታል፣ ጥፍር የሚያስቆም ያክል።
"አየህ አያቴ? መላላት ብቻ አይደለም በሽታው፤
ጥቁሩ ግራሶ ለትንሹ ኩሽኔታ፣
ነጩ ሲሊኮን ለብልያ መኝታ፤
አንተ አፈራረቅካቸው ያን የብሎኑን ማታ።"
ዝም አለ። ንጹሑን መነጽር ጠረገ፤
ጉሮሮውን ጠረገ።

በአልኮል አጠበች። በብርጭቆ ወረቀት ላይ
ሮንዴላውን አዞረች፣ ስምንት ቁጥር እየሳለች፣
ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣
ቦዩ እስኪጠፋ፣ ግራጫው እስኪታይ።
ብልያውን እሱ ሊቆጥር ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤
ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፤
አሥራ ሁለተኛው አመለጠ።

ታታሚውን ገለጡ፣ የጠርዙን ስፌት፣
የሻይ ሳህኑን ስር፣ የካልሲውን እጥፋት፤
ባትሪ አበሩ፣ ጎተቱ ማግኔት፤
ሦስት ሰዓት አለፈ።
"ነገ ይሁን" ብሎ ቀና ሲል ከወገቡ
ሺኦሪ በሳቅ ፈረሰች። አንገቱ ላይ ነው ጉዱ፦
ለትከሻ ሕመም ከለጠፈው ክብ ማግኔት ዳር
አሥራ ሁለተኛው ቁጭ ብሏል፣ እንደ መዥገር።
(በግራሶ ጣቱ ማሳከኩን ማን ያስታውሳል?)

ከዚያ ካቻቢቴውን ሰጠችው፣ ከእጁ ላይ እጇን ጫነችበት፤
"ቀስ። ጎማውን አዙር። ትንሽ ደግሞ። አትቸኩልበት።
ሞላው እምቢ እስኪል አጥብቅ፤
አሁን የሩብ ግማሽ መልስ።"
ሁለቱን ጎማ ጨበጠች፤ እሱ ማርሹን ገፋ፤
ንቅንቅ የለም።
"መንሸራተት ካለ ይንሸራተት ፍሪሲዮኑ፤
እሱ ለመሸነፍ ተሠርቷል፤ ይሄ ግን አይደለም" አለችው።
ቶኪዞ ይህን በመርከብ ላይ ማንም አልነገረውም።

እሑድ ጭቃው አልደረቀም። አምስተኛ ወጣች።
ሦስተኛውን ጉብታ ዘላ ስታርፍ፣
ሌላው ሰው መኪናዋን ሲያይ፣
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።
ፌንጣው የለም።

ማታ፣ ንፋስ ሲነሳ፣
የበረንዳውን በር ብሎን ሊያጠብቅ ካቻቢቴ አነሳ።
አጠበቀ፤ አጠበቀ፤ ቆመ።
የሩብ ግማሽ መለሰ።
በሩ ግን ይንገጫገጫል፣ ገና።