አራት ጣት

ከኤልኮ በስተሰሜን፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አንድ ድንጋይ አለ፣ ስመጣ የሚነቃ።
ሲደርቅ ከውሃው በላይ፣ ሲበርድ ከበረዶ ሥር፣
የቶዮታዬን ሆድ የሚጭር፣ የሚሰረስር።
የነዳጁን ጋን ሦስት ጊዜ ፍቆታል፤
በአራተኛው ቀዶ ወንዙን ቤንዚን አጠጥቶታል።

መኪናው ያባቴ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣
የኋላ ባሌስትራው ደክሞ የረገበበት፣
በግ፣ ድርቆሽ፣ የአጥር ሽቦ ሲሸከም ኖሮበት
ወገቡ የጎበጠ፣ ሞተሩ ግን የማያውቅ ሞት።

ስለዚህ ከፍ ላድርገው አልኩ።
ገንዘቤን ቆጠርኩ። አራት መቶ ዶላር። ደግሜ ቆጠርኩ።
አልበዛም።

ወንድሜ ቤንያት ከሪኖ ደወለ፤
«ስድስት ኢንች አስነሺው፣ ሙሉውን ግዢ» አለ፤
«አዲስ ሞላ፣ አዲስ አሞርዛተር፣ ባለ ሠላሳ አምስት ጎማ፣
ሲያልፍ የሚፈራ፣ ከሩቅ የሚሰማ!»
ዋጋውን ነገረኝ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ፤
ላሚቱን ከነጥጃዋ በሐሳቤ ሸጥሁ።
ከዚያ መልሼ ገዛኋት።

የጎረቤት ልጅ ደግሞ፦ «ብሎክ ነው ከሥሩ ማስገባት፤
ስድሳ ዶላር ብቻ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ናት።»

ዴልበርትን ጠየቅሁት፤ የኦዋይሂው መካኒክ፣
ጋራዡ የፈረስ በረት፣ ወንበሩ ክሪክ።
«ብሎክ» አለ፣ «ተረከዝ ነው፤ ቁመት ያበድርሻል፤
ድርቆሽ ጭነሽ ፍሬን ስትይዢ ወለዱን ይጠይቅሻል።»
«የፊቱን ቶርሽን ባርስ አጥብቄ ብጠመዝዝ?»
«ትንሽ ብቻ። ካለፈ ጉልበቱ ነው የሚደነዝዝ።»

ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፦
«ድንጋዩ በስንት ነው የሚበልጥሽ?» ዝም አልኩኝ።

ሄድን። ቦቲውን አውልቆ የመጋቢት ውሃ ውስጥ ገባ፤
የሰባ ዓመት ሰው! ልቤ ዳር ቆሞ ባባ።
በዱላው የድንጋዩን አናት፣ ከዚያ የጋኑን ቁስል ነካ፤
ልዩነቱን በሜትር አይደለም፣ በጣቶቹ ለካ።
«አራት ጣት» አለ። «ይኸው ነው ጠላትሽ።
ለአራት ጣት ነው እንዴ ላም የሚሸጥ ልብሽ?»

በዚያው ሳምንት እናቴን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነቃሁ፤
በሩን ከፍቼ፣ ክንዷን ይዤ፣ ጉልበቷን አየሁ።
አንድ እግሯን አነሳች፤ አወረደች፤ እንደገና አነሳች፤
«እሱ ረዘመ ወይስ እኔ አጠርኩ?» ብላ ሳቀች።

ገና አንዲት ዳዶ እንኳ አልፈታሁም።

ከድንጋዩ የምነጥቀው እያንዳንዷ ጣት
ከእሷ ጉልበት የምትቀነስ፣ በእሷ የምትከፈል ዕዳ ናት።
ቤንያት ይህን አልነገረኝም። ሻጩም አይነግረኝም።
ሌሊቱን ሙሉ ደመርኩ፤ ሒሳቡ አልሞላልኝም።

ቅዳሜ ዴልበርት ከተጣለ መኪና ሁለት ባሌስትራ አመጣ፤
ለግራና ለቀኝ አንዳንድ፣ ሰማንያ ዶላር፣ ከነዝገቱ፣ ያለ ጣጣ።
ክሪኩን አቆምን። ዳዶው እንቢ አለ። ዘይት አጠጣነው።
ያባቴን እልህ ያየሁት ያን ቡሎን ስንታገለው ነው።
ከነባሮቹ መሃል ሲገባ፣ ያ የዘመመ ጀርባ
ቀና አለ፣ ስሙን የጠሩት ይመስል።

በቀረው ለኋላ ብቻ አዲስ አሞርዛተር ገዛሁ፤
የተረፈውን የላሚቱ መኖ በላው።
ከአሮጌው የበግ በረት ጣውላ መርገጫ ሠራሁላት፣
ሁለት ስንዝር፣ በገመድ የሚጎተት፣
ከወንበሩ ሥር የሚያድር።

ማክሰኞ ተሻገርን። ውሃው ሙሉ፣ ሰማዩ ጭጋግ፣
ዳርና ዳሩ ግራጫ ጭቁኝ።
እናቴ ግራሲያና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አጎነበሰች።
«አልነካንም?»
«አልነካንም።»
ወደ ኋላ ዞራ ድንጋዩን እስኪሰወር አየችው፤
«ምስኪን» አለች፣ «ብቻውን ቀረ።»

ለዴልበርት አልነገርኩትም፦
ሦስት ጣት ተኩል ነው ያገኘነው።
ግማሿን ጣት
ትንሽ ወደ ግራ በመዞር እሞላታለሁ።