ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር

የጀልባ ትኬት ነው፥ ፕሮግራሙ ተራ፤
ወደ ዘጌ፥ ወደ ደቅ የሚሄደውን የሚያጣራ።
በየመስመሩ ላይ ቆጣሪ ተከልኩኝ፣
ያለፈበት እግር «አንድ» ይበል አልኩኝ፤
የተረገጠው ሁሉ አረንጓዴ ይሁን፣
ያልተነካው ቀይ፤ ቀድመን እንወቅ ጉዱን።

ሌሊቱን አሮጥነው፥ መቶ ሺህ መንገደኛ፣
አንድም ሥጋ የለው፥ ሁሉም ሐሰተኛ።
ጧት ሪፖርቱን ሳየው፣
ትኬት ቆራጩ መስመር፥ ከሁሉም የሮጠው፣
እንደ በርበሬ ቀልቶ ከጎኑ ዜሮ አለው።
«እንየው፥ ና እየው» አልኩት። ስሙ እንየው ነው።

«ተርጓሚው ነው» አለኝ ጢሙን እያሻሸ፣
«እየሄደ ሲጽፍ የድሮውን አበላሸ፤
መንገዱ ሲግልለት፥ ብዙ ሲመላለስ፣
ያቀልጠዋል አንጥሮ፥ ሊሠራው እንደ አዲስ፤
ያንቺን ቆጣሪማ ትርፍ ጭነት ነው ብሎ
ሜዳ ላይ ያልፋል ጥሎ።
አስፋልት ዱካ አይዝም፤ ጭቃ ነው የሚይዘው።»

ተርጓሚውን አጠፋሁት።
ያኔ ፕሮግራሙ፥ ማዕበል እንደያዘው ታንኳ፣
ተንፏቀቀ፤ ቆጠረ፥ አንዲት ሳያስቀር እንኳ።
ልክ ነው ቁጥሩ። ግን ነገ ወደቡ ላይ
የሚሮጠው እሱ ነወይ?

ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን፥ ሹም አቦ ድረስ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር።
ኋላ ቆጣሪውን ከተርጓሚው ሆድ ቀበርነው፣
ሲያቀልጥ አብሮ እንዲያቀልጠው፤
መውጫው በር ላይ ጠብቀን ጠየቅነው።
ተናዘዘ። ቀዩ እየረገፈ አነሰ፣
አንድ ቀረ፦ «ጀልባው ካልደረሰ»።
በዚያ በኩል እስከ ዛሬ ሰው ሄዶ አልተመለሰ።

እንግዲህ ጀልባ መፍጠር ነው፤
በአምስት ሰዓት የሚነሳ፥ ደቅ የማይደርስ።
ቅጹ ስም ይላል።
ለመቶ ሺሁ «መንገደኛ አንድ፥ መንገደኛ ሁለት» ብለናል፤
ለሚሰጥም ሰው ግን ቁጥር መሆን አነሰብን።
የማንን ስም? የማን ልጅ?
እንየው ቆይቶ የራሱን ጻፈ።
እኔም ከሥሩ፦ ፈንታነሽ።

አስሮጥነው።
ስማችን ሰጠመ፥ መስመሩ ለመለመ።

ገና ሳንስቅ ስልኬ ጮኸ፤ የወደቡ ጋሽ ቸኮል፦
«አልደረሱም የሚል መልእክት ገባልኝ። ስማችሁን አየሁት።
የት ላይ ናችሁ?»
ከድምፁ ኋላ ሞተር ይንደቀደቃል፤ ቀድሞ አስነስቷል።

«ፎቅ ላይ ነን» አልኩት፥ «ደርሰናል።»
ዝም አለ። ሞተሩ ግን ወዲያው አልጠፋም።

በመስኮቱ ጣና ጨልሟል፤
አንዲት መብራት ከዳር ራቅ ብላ ሄዳ
ዞራ ተመለሰች።
«እንየው» አልኩ፤
እሱን ጠርቼ ይሁን ሐይቁን፥ እኔም አልለየሁ።